የ33 ቁጥር ሰዓት ለ34 ቁጥር

የጥር ደመወዝ በወጣ ማግስት አንዲት የጽዳት ሠራተኛ የደመወዝ ስሊፓቸውን ይዘው ቢሮዬ መጡ። «እትዬ፣ ቁጭ ይበሉ» ብላቸው እምቢ አሉ።

«ልጄ፣ ጥምቀትን ሙሉ ቀን ሠርቻለሁ። የታለ?»

የበዓል ትርፍ ሰዓት በ2.5 ተባዝቶ ነው የሚከፈለው። ስሊፑ ግን ዜሮ ይላል።

«ኤክሴሉ ያወጣው ነው እኮ» አልኳቸው። እስካሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ኦቨርታይም የሚመዘገበው በታይም ኪፐሩ፣ በሰዓት መዝጋቢው፣ ፋይል ነው፤ የደመወዝ ፔሮሉ ደግሞ እኔ ጋ። ድሮ እያየሁ በእጄ ነበር የምገለብጠው። ያን ወር ቪሉካፕ የሚባለውን፣ ከሌላ ዝርዝር ፈልጎ የሚያመጣ የኤክሴል ፎርሙላ ተማርኩና ሁለቱን በመለያ ቁጥር አገናኘኋቸው። ፎርሙላውን እስከ ታች ጎተትኩት። አንድም ኤረር የለም! የላይኞቹን አምስት ሰዎች አመሳከርኩ፤ ልክ ናቸው። በጊዜ ቤቴ ገባሁ።

የፎርሙላውን አራተኛ ክፍል ጭራሽ አልጻፍኩትም ነበር። እዚያ ዜሮ ካልገባ ቪሉካፕ ዝርዝሩ ከትንሽ ወደ ትልቅ የተደረደረ ነው ብሎ ያምናል። መሃል ያለውን ቁጥር ያያል፤ የሚፈልገው ካነሰ ወደ ላይ፣ ከበለጠ ወደ ታች ይሄዳል። ሲያጣውም «የለም» አይልም፤ ከሚፈልገው የሚያንሰውን ቅርብ ቁጥር ይዞ ከች ይላል። እትዬ ከሌላ ቅርንጫፍ የተዛወሩ ናቸው። ቁጥራቸው 34 ነው፤ ታይም ኪፐሩ ግን ዝርዝሩ ግርጌ ላይ ነው የጨመራቸው። ፎርሙላዬ 34ን ከላይ ፈልጎ ሲያጣ የ33ን ሰጣቸው። 33 ደግሞ የዓመት ፈቃድ ላይ የነበረ ጥበቃ ነው።

ዜሮዋን ጨመርኩ። ወዲያው አራት ሰዎች ላይ ኤን ኤ ወጣ፤ መለያ ቁጥራቸው ታይም ኪፐሩ ፋይል ላይ እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ተመዝግቦ ኖሯል። ኤረር አይቼ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቢያንስ አላገኘሁም ይላል። እነሱንም አስተካክዬ የሁለቱን ፋይሎች የሰዓት ድምር አስተያየሁ። ገጠመ። ይህን ቀድሜ ባደርገው አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

የጎደለባቸው ስድስቱም ቢሮዬ መጥተው ነበር። የበዛላቸው ሦስቱ ግን ድምፃቸውን አጥፍተዋል። አንዱን ሹፌር ጠርቼ «ምነው ዝም አልክ?» አልኩት።

«እኔማ የጥር ሚካኤል የሰጠኝ መስሎኝ!»