እሜት ጎጎ ላይ

ዛሬ በስሜን ተራሮች ፓርክ ካለው የጊች ካምፕ ተነስተን እሜት ጎጎ የተባለው ተራራ ጫፍ ደረስን፤ 3,926 ሜትር! ሦስቱም አቅጣጫ ገደል ነው፤ ከሥሩ ቆላው በሹል ተራሮች ተሞልቶ ዓይን እስከሚያይ ይዘልቃል። በዚህ ከፍታ ትንፋሽ ያጥራል። አጃቢያችን የፓርክ ጠባቂ «አትቸኩሉ፣ ውኃ ጠጡ» እያሉ በዝግታ መሩን፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

በመንገዳችን ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጅብራ የተባለ የደጋ ተክል አለ፣ ሣር በጣታቸው የሚነጩ ጭላዳ ዝንጀሮዎችም። እነዚህ ዝንጀሮዎች በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም አይገኙም፤ በቅርብ ሳያቸው ኩራትም ስስትም ተሰማኝ።

ብዙ ተጓዥ ራስ ዳሽንን ብቻ አስቦ እዚህን ያልፋል። ለእኔ ግን የስሜን ውበት እሜት ጎጎ ነው። ጊች አድራችሁ፣ ሰውነታችሁን ከከፍታው አላምዳችሁ ውጡ። ነገ እናትዬ በተባለው ጫፍ በኩል ወደ ጨነቅ ካምፕ እንሻገራለን፤ ዋልያ ለማየት ጓጉቻለሁ።