ስሙኒ

ሰፈራችን ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ ሰው ጠፍቷል። ስሙኒ ሆኛለሁ። ዳቦ ቤት ስገባ "ስሙኒ መጣ"፣ ባጃጅ ውስጥ ስገባ "ስሙኒ፣ ትንሽ ጠጋ በል"። ባለፈው አንዱ ጎረምሳ ከመንገድ ማዶ ሆኖ "ስሙኒ! ዶላር ስንት ገባ?" ብሎ ጮኸብኝ። የማላውቀው ልጅ ነው። ደብረ ማርቆስ ትንሽ ከተማ አይደለችም፤ ወሬ ግን ትንሽ ያደርጋታል።

ጣጣው የመጣው ከኮሚክ ነው፤ ታሪኩን በሥዕል ከሚተርከው የአሜሪካ መጽሔት። አዎ፣ ኮሚክ እሰበስባለሁ። እሰበስባለሁ፣ ደረጃ እሰጣለሁ፣ ሲመቸኝ እሸጣለሁ። አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ሰው ሲመጣ ከቫይታሚንና ከጫማ ጋር ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ይልክልኛል። አንድ ጊዜማ ቦታ እንዳይፈጅ ብሎ ጠቅልሎ ጫማው ውስጥ ወትፎ ላከልኝ። አሁንም ሳስበው ደረቴን ይወጋኛል። የቀረውን አዲስ አበባ ስሄድ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች እለቅማለሁ።

የደረጃው ነገር ቀልድ አይምሰላችሁ። መጽሔቱ ምን ያህል ሳይጎዳ እንደቆየ የሚለካበት ነው፤ መለኪያው ከ0.5 ተነስቶ 10 ላይ ያበቃል። 9.8 ያገኘ ሰው በደስታ እንቅልፍ ያጣል። ይህንኑ ብቻ ሥራዬ ብሎ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የያዘ ድርጅት ፍሎሪዳ ውስጥ አለ። መጽሔትህን ትልክለታለህ፤ ባለሙያዎቹ ያገላብጡታል፤ ቁጥር ሰጥተው ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ አሽገው ይመልሱልሃል። ከዚያ ወዲያ ማንም አይገልጠውም። ቁጥሩን እያየህ መኖር ነው።

ከማርቆስ ፍሎሪዳ መላክ ደግሞ የኔ አቅም አይደለም። ስለዚህ ባለሙያውም ድርጅቱም እኔው ነኝ። አጉሊ መነጽር አለኝ። ጀርባው ላይ የተሰነጠቀ ቀለም አለ ወይ? ማዕዘኑ ታጥፏል ወይ? ገጾቹን የሰፋው ሽቦ ዝጓል ወይ? ወረቀቱ ነጭ ነው ወይስ ሻይ በወተት መስሏል? የድሮ ኮሚክ የሚታተመው በርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ስለነበር ብርሃንና አየር ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል፣ ቆይቶ ደግሞ ይፈረካከሳል። የኛ አገር ክረምት በበኩሉ ሽቦውን ያዝገዋል። እኔም ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትወጣዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ከየጫማ ቤቱ እየለመንኩ እሰበስባለሁ። ልመናው አያሳፍረኝም። ባለ ሱቆቹ "ለምንህ ነው?" ሲሉኝ "ለመድኃኒት" እላለሁ፤ ለኮሚክ ከማለት ይሻላል።

ፕላስቲኩንማ ባላነሳው። አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ቤት ሄጄ መጽሔቱን የሚችል ወፈር ያለ የፕላስቲክ ከረጢት ጠየቅሁ። ልኩን ይይ ብዬ መጽሔቱን ለልጁ ሰጠሁት። ስልክ መጣልኝ። አነጋግሬ ስመለስ ልጁ ሽቦውን ነቅሎ፣ ሽፋኑን ገንጥሎ፣ ላሚኔት አድርጎ ከማሽኑ ሲያወጣው ደረስኩ። እንፋሎቱ ገና አልወጣለትም። "አሁን ውኃ አይገባውም ጋሼ" አለኝ። እንደ ቀበሌ መታወቂያ! የዚህ አገር ሰው የወደደውን ነገር ሁሉ ላሚኔት ካላደረገ አያርፍም። የልደት ካርድ፣ ዲፕሎማ፣ የመሬት ካርታ፣ የሟች ፎቶ። ከዚያም የላሚኔቱን ሒሳብ ጠየቀኝ። ከፈልኩ። ለምን እንደከፈልኩ ዛሬም አይገባኝም።

ወደ ስሙኒው ልመለስ።

መንገዱ ደህና በነበረበት ሰሞን ነው። አንድ የባሕር ዳር ሰው በቴሌግራም አገኘኝ። እሱም ሰብሳቢ ነው። ካሉኝ ሁሉ የምሳሳለትን፣ የ1975 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ኮሚክ፣ በ8,000 ብር ተስማማን። 9.2 ብዬ ነው የሰጠሁት፤ ጨክኜ። ለሌላ ሰው 9.4 እለው ነበር። ሰውዬው ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ ማርቆስ ላይ አይቶት ሊከፍለኝ ተቀጣጠርን። ካፌ ነበር የተባባልነው። ዝናቡ ግን የሐምሌ ዝናብ ነው፤ በዚያ ላይ ወረቀት ይዞ መንቀሳቀስ እብደት ነው። "በቃ ቤት ና" አልኩት።

ሐምሌ 16 መሆኑን ረስቼዋለሁ። የእቴቴ የኪዳነ ምሕረት ማኅበር፣ ተራው የእሷ፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል።

እቴቴ እንግዳ ዝም ብሎ አያስወጣትም። ሰውዬውን ገና በር ላይ እጁን ይዛ አስገባችና መሐል አስቀመጠችው። በአንድ በኩል የኔታ፣ በሌላው በኩል ጠላ የሚቀዱ ሴትዮ። ምንቸት አብሹ ቀረበ፣ ድፎው ተቆረሰ፣ ጠላው ወረደ። ሰውዬው ደስ አለው። ብላ ሲሉት ይበላል፣ ጠጣ ሲሉት ይጠጣል። እኔ ከረጢቴን ደረቴ ላይ ታቅፌ እንደ ሕፃን ይዣለሁ። በመጨረሻ እጅ ታጠበ። ሳሙናው አልቆ ስለነበር በውኃ ብቻ። ይህን ልብ በሉልኝ።

"እስቲ አሳየኝ" አለኝ ሰውዬው። እጄን አድርቄ ቀስ ብዬ አወጣሁት። ሊቀበለኝ እጁን ሲዘረጋ ከመሐል ሌላ እጅ ቀደመው።

የኔታ የቅኔ መምህር ናቸው። ስንቱን ያስቀኙ ሰው ናቸው፤ መጽሐፍ ሲያዩ ዝም ብለው ማለፍ አይሆንላቸውም። "ምንድን ነው ይኸ?" አሉና ጭናቸው ላይ ዘረጉት። "አይ የኔታ፣ ለእርስዎ የሚሆን አይደለም" ብል ማን ሰምቶኝ። ከዚያ የቀኝ አመልካች ጣታቸው ተነሳ።

ስለዚያ ጣት ልንገራችሁ። ያ ጣት ስንት ዓመት ሙሉ ዳዊት ሲገልጥ የኖረ ጣት ነው። የስንቱን ተማሪ ጆሮ ጠምዝዟል፤ ከነዚህም ውስጥ ዛሬ ትልልቅ ሰዎች የሆኑ አሉ። ቀለም በጥብጧል፣ ብዕር ይዟል። በዚያች ሰዓት ደግሞ የምንቸት አብሹን ቅቤ እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ጠጥቶ ወጥቷል፤ ከሳሙና ጋርም አልተገናኘም። ጣቱ ቀስ ብሎ ወደ አፍ ሄደ። ምላስ ወጣች። ጣቱ ረጠበ። ጥቂት አየር ላይ ቆየ፤ ሊባርክ ነው ወይስ ሊገልጥ ነው የሚል አንድ አፍታ ተስፋ ነበረኝ። ከዚያ በቀኝ በኩል ታችኛው ጥግ ላይ አረፈ። እንደ ማኅተም አረፈ። ሲነሳ ጥጉ ላይ የቅቤ ጨረቃ ቀረች።

9.0 አልኩ በልቤ።

የኔታ የሚገልጡት እየተመለከቱ ነው፣ አይቸኩሉም። ኮሚክ 32 ገጽ ነው። 16 ቅጠል ማለት ነው። ጣት ወደ አፍ፣ ጣት ወደ ጥግ። 8.5። ጣት ወደ አፍ። 8.0። አንዱ ገጽ ላይ ጭምብል ያደረገ ሰው ሲበር አዩና "ይኸ ሰይጣን ነው መልአክ?" አሉ። "ጀግና ነው የኔታ" አልኳቸው። "ጀግና ፊቱን አይሸፍንም" አሉና ጣቱን ላሱት። 7.0። ሰውዬውን አየሁት። ያድነኛል ብዬ ነው። ፈገግ ብሎ ብርጭቆውን አንስቷል። ጥሎበት ሽማግሌ ይወዳል መሰለኝ። 6.0 ላይ መቁጠር አቆምኩ።

ሲጨርሱ አሸተቱት። ወደ መስኮቱ ብርሃን ቀና አድርገው አዩት። እውነቴን ነው፣ አያያዛቸው የባለሙያ ነው፤ ፍሎሪዳ ቢሆኑ ይቀጥሯቸው ነበር።

"ዕድሜው ስንት ነው?"

"በኛ 1967 ዓ.ም. ግድም ነው የኔታ።"

"ደርግ መሬት ላራሹን ባወጀ ዓመት? ታዲያ በዚህ ዕድሜው እንዲህ ጠወለገ? የኔ ዳዊት የፍየል ቆዳ ነው። አያቴ ደግመውበታል፣ አባቴ ደግመውበታል፣ እኔም እደግምበታለሁ። ጥጉ ሁሉ ጠቁሯል። የጠቆረው ስለተደገመበት ነው። ያንተው ግን ሳየው ጥጉ ነጭ ነበር። ማንም አልደገመበትም።"

ነጭ *ነበር*! ያ ነጭ ጥግ ብቻውን ስንት ብር እንደሚያወጣ በምን ቋንቋ ላስረዳ? ደግሞስ ማነው ያጠቆረው? ግን የኔታን ማን ይናገራል። "ልክ ነዎት" አልኩ። አንጀቴ እያረረ።

"ስንት ትለዋለህ?" አሉኝ።

መዋሸት ነበረብኝ የሚሉኝ አሉ። ለምን እዋሻለሁ? የራሴ ንብረት ነው። "ስምንት ሺህ" አልኩ።

ጠላ የሚቀዱት ሴትዮ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። በዚህ መሐል የእህቴ ልጅ ሚጡ ከየት እንደመጣች አላውቅም፣ በየኔታ ትከሻ ላይ ተንጠልጥላለች። ስድስተኛ ክፍል ናት፣ ያየችውን እንግሊዝኛ ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች። "እዚህ ላይ ሃያ አምስት ይላል" አለች ሽፋኑን እየጠቆመች። "አጠገቡ ደግሞ መሐሏ ላይ መስመር ያለባት ሲ አለች። ምንድን ናት?"

ዝም አልኩ። እንግዳዬ፣ እንጀራችንን የበላው፣ ጠላችንን የጠጣው ሰው፣ ተባባሪ ሆኖ "ሳንቲም ማለት ነው" አላት።

"ስሙኒ!" አለች እቴቴ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ የማን እንደሆነ አላውቅም። "ስሙኒውን ስምንት ሺህ!" ይላል አንዱ። "ነጋዴውን እዩልኝ፣ ዋጋው ላዩ ላይ ተጽፎ!" ይላል ሌላው። ጠላ ቀጂዋ "በስሙኒ ዶሮ ገዝቼ አውቃለሁ" አሉ። አጠገባቸው ያሉት "ውሸትሽን ነው፣ በስሙኒ እንቁላል ነበር" አሏቸው። ክርክሩ ጦፈ፤ ማን በስሙኒ ምን እንደገዛ ሲነገር ዝናቡ አባራ።

እኔም ዝም አላልኩም። ሱፐርማን የወጣበት የመጀመሪያው መጽሔት በ1938 እ.ኤ.አ. አሥር ሳንቲም ይሸጥ እንደነበር፣ አንዱ ቅጂ ግን በ2024 በ6 ሚሊዮን ዶላር እንደተሸጠ ነገርኳቸው። ያውም ደረጃው 8.5 ብቻ! ቤቱ ለአፍታ ጸጥ አለ። አሸነፍኩ ብዬ ነበር።

የኔታ አሰብ አደረጉና "ታዲያ እሱን አትሸጥም?" አሉኝ።

ሰውዬው የሳቀው ያኔ ነው። ሌሎቹ ቢስቁ አይገርመኝም። እሱ ግን ያውቃል! ስምንት ሺህ ምን እንደሆነ፣ 9.2 ምን እንደሆነ ያውቃል። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። አሁን ሌሊት ሌሊት የሚመላለስብኝ የእሱ ሳቅ ነው። ሲወጣ በር ላይ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ወንድሜ፣ ጥጉን አይተኸዋል አይደል፣ ሌላ ጊዜ" አለኝ። ያላየሁት ይመስል።

ባዶ እጁን የሄደ እንዳይመስላችሁ። እቴቴ ማር ነበራት፤ አንድ ጀሪካን። የጠራችውን ዋጋ ሰምቶ ቃል ሳይናገር ቆጥሮ ሰጣት። አልተከራከረም! ከኔ ጋር ቴሌግራም ላይ በመቶ ብር ሲከራከር የከረመ ሰውዬ። የኔታም መረቁት፣ መኪናው ድረስ ሸኙት። ለእኔ "አንተ ደህና ሥራ ፈልግ" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ስሙ ብቻ አይደለም የተረፈኝ። ሰው አሮጌ ዕቃ እያመጣ ዋጋ ንገረኝ ይለኛል። የጃንሆይ ዘመን ቴምብር፣ የተበላሸ ራዲዮ፣ ያለፈበት ካላንደር። "ደረጃ ስጠው" ይላሉ፣ እየሳቁ።

ባለፈው ሳምንት ግን አንዱ ጎረቤት በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አመጣ። ስፈታው የመሠረተ ትምህርት መጽሐፍ ነው፤ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ዘመቻ ጊዜ ለአባቱ የታደለ። አጉሊ መነጽሬን አመጣሁ። ሽቦው አልዛገም። ጀርባው ላይ አንድ ጭረት የለም። ማዕዘኖቹ እንደ ምላጭ ናቸው። እንዲህ ያለ ዕቃ በእጄ ገብቶ አያውቅም።

"እንዴት እንዲህ ቆየ?" አልኩት።

"አባቴ ትምህርቱን አልወደደውም" አለኝ። "ከሣጥን አልወጣም።"

ልቤ እየመታ፣ ፊቴን አኮሳትሬ፣ "ሁለት መቶ ብር እሰጥሃለሁ" አልኩት።

"አምስት ሺህ።"

"አምስት ሺህ? ለዚህ?"

"ያልተገለጠ ነው ዋጋ ያለው ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ? ማኅበር ላይ እኮ ነበርኩ።"

እስቲ ውስጡን ልየው ብዬ እጄን ስዘረጋ መጽሐፉን ወደ ኋላ ሳብ አደረገው።

"መጀመሪያ ታጠብ" አለኝ። "በሳሙና።"