ልብስ መቀየሪያ ብቻ?

ዛሬ ኦክስፎርድ፣ ዩኒቨርሲቲ ፓርክስ ውስጥ ከጓደኛዬ ጋር ወክ እያደረግን ነበር። የክሪኬት ሜዳውን ቤት አሳየሁትና «ቅርስ ነው» አልኩት። ቆም ብሎ አየና «ይቺ ልብስ መቀየሪያ?» ብሎ ሳቀብኝ።

እኔም ሳቅኩ፣ ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ቤቱ በፈረንጆቹ 1881 የተሠራ ነው። የነደፈው ቶማስ ግራሃም ጃክሰን ሲሆን በዚያው ሰሞን ሃይ ስትሪት ላይ ያለውን ግዙፉን የዩኒቨርሲቲውን የፈተና ሕንፃ የሚያሠራውም እሱው ነበር። እስቲ አስቡት፣ ተማሪ የሚርበደበድበትን አዳራሽ የነደፈ እጅ ተማሪ የሚጫወትበትንም ቤት ነደፈ!

ደስ የሚለኝ ደግሞ ፊቱን ለሜዳው መስጠቱ ነው። ሰው ጨዋታ እንዲያይበት የታሰበ ቤት መሆኑ ገና ከሩቅ ያስታውቃል። ፓርኩ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ትልልቅ ግጥሚያዎች ሲደረጉ እንኳ መንገደኛው ያለ ትኬት ቆሞ ያያል (ክሪኬት ባይገባውም፣ እንደኔ)።

ቤተ መጻሕፍትና ቤተ ጸሎት ሲሆን ማንም «ለምን ይጠበቃል?» አይልም። የስፖርት ቤት ሲሆን ግን ክርክር ይመጣል። ተማሪነት ንባብ ብቻ ነበር እንዴ? ሻወሩ ቢታደስ፣ ጣሪያው ቢጠገን፣ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ ቢሠራለት እሰየው ነው። ሜዳውን ወስደው ቤቱን ብቻውን ቢያቆሙት ግን ያኔ ጓደኛዬ ልክ ይሆናል፤ ልብስ መቀየሪያ ብቻ ነው የሚቀረን።