ለአባዱላችን ሸራ ወይስ ድንኳን?

ጅማ ተቀምጦ ስለ ካምፒንግ ማሰብ መጀመሪያ ስለ ዝናብ ማሰብ ነው። ክረምቱ ወጣ ሲባል እንኳ ከሰዓት በኋላ ድንገት ያወርደዋል። ስለዚህ አልጋ ላስገባንባት አባዱላ ከጎኗ የሚዘረጋ ሸራ ይሻላል ወይስ ራሱን የቻለ ድንኳን የሚለው ክርክር ቤታችን ውስጥ ከርሟል።

ሸራው ፖርቶመጋላው ላይ ይታሰራል፣ ቶሎ ይዘረጋል፣ በሩን ስትከፍቱ በቀጥታ ጥላው ስር ናችሁ። ችግሩ፣ መኪናዋን ባንቀሳቀሳችሁ ቁጥር ማጠፍ አለ። ጠዋት ቦዬ ወርደን ጉማሬ እንይ ካላችሁ ሁሉንም መንቀል ነው። ድንኳን ግን እዛው ይጠብቃችኋል።

እኔ ሸራ ነኝ። ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ የምናድረው ለአንድ ሌሊት ነው፣ ለዚያ ደግሞ ድንኳን መትከል አይታየኝም። ብቻ ከውጭ በኩል አንዱን እግር ዝቅ አድርጉት፤ ካልሆነ ውሃው መሀል ላይ ይጠራቀምና ብረቱን ያጣምመዋል። ካስማውም ረዘም ይበል፣ የራሰ አፈር አጭሩን አይዝም።

ባለቤቴ አሁንም ድንኳን ባይ ናት፣ ቡናዋን ከነፋስ ተከልላ ልታፈላ። የከሰል ምድጃ ድንኳን ውስጥ? በፍጹም! ጭስ ባይታይም ጋዙ ይገድላል።