ደራርቱ አራተኛ የወጣችበት ዓመት

ስለ ደራርቱ ቱሉ ሲወራ ሁሉም ባርሴሎናን ያነሳል። ልክ ናቸው። በ1992 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ ወስዳ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ሲዞሩ ማን ይረሳል? ከዚያ ሲድኒ 2000፣ ሁለተኛ ወርቅ። ወሬያችን ከአንዱ ወርቅ ወደ ሌላው ዘሎ ይሄዳል።

እኔን ሰሞኑን የያዘኝ መሃሉ ነው። ስምንት ዓመት እኮ ነው! በ1996 አትላንታ ላይ አራተኛ ወጣች። አራተኛ ማለት ሜዳሊያ የለ፣ መድረክ የለ፣ ጋዜጣ ላይ ፎቶ የለ። ከዚያ ወለደች። ያኔ ቲክቶክ ቢኖር ኖሮ ኮመንት ላይ «አለቀላት» የሚላት መዓት ነበር። እሷ ግን ተመልሳ ሲድኒ ላይ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈች፣ በ2004 አቴንስ ላይ ነሐስ ጨመረች፣ በ2009 ደግሞ በ37 ዓመቷ የኒውዮርክን ማራቶን ወሰደች።

እኛስ? አንድ ወር ጂም ሄደን ቦርጩ ካልጠፋ እንተወዋለን። ሁለት ወር ቋንቋ ተምረን አፋችን ካልተፈታ «ለእኔ አልተፈጠረም»። ስልኩን ስንከፍት ደግሞ አንዱ ጎረምሳ መኪና ውስጥ ተቀምጦ «እንቅልፍ የሰነፍ ነው፣ እረፍት የለም» እያለ ይጮህብናል። እኔ ይሄ ሰውዬ ሯጭ አጠገብ ደርሶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ጠዋት በጊዜ እንጦጦ ወጥቶ ሯጮቹን ያየ ያውቃል። በአስፋልት፣ በኮሮኮንች ወይም በትራክ ላይ ከባድ ልምምድ ያለበት ቀን ለብቻው ነው፤ ያን ቀን ቀልድ የለም። ቀላል ልምምድ የሆነ ቀን ግን ጃኬታቸውን ደራርበው፣ በአንድ መስመር ተሰልፈው፣ በባህር ዛፉ መሃል እየተጠማዘዙ ይሮጣሉ። የፊተኛው ወደ ግራ ሲታጠፍ ሁሉም ይታጠፋል። ሽቅብ ላይ እንዲያውም በጣም ቀስ ከማለታቸው የተነሳ፣ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ እናት ቆም ብላ ሰላም ብትላቸው መልሰው ጤና ይስጥልኝ ለማለት ትንፋሽ ይተርፋቸዋል። ማንም ተስፈንጥሮ አይወጣም። እነዚህ እኮ በዓለም ፈጣን ከሚባሉት ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው! ነገ የሚጠብቃቸውን ኮሮኮንች ስለሚያውቁ ዛሬ ቀስ ይላሉ። (እንቁላሉ በእግሩ ይሄዳል የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ እሱ ይቆየን።)

ጽናት የሚባለውን ነገር ያየሁት እዚያ ነው። በየቀኑ ጥርስ ነክሶ መሞት ቢሆን ኖሮ ማንም እስከ 37 ዓመቱ አይደርስም ነበር። ከባዱን ቀን ከባድ፣ ቀላሉን ቀላል አድርገህ ነገም ትመጣለህ። አራተኛ የወጣህበት ዓመትም ከሥራው ይቆጠራል፣ ምንም እንኳ ማንም ባያጨበጭብልህ።

እኔ ከሥራ በኋላ የሒሳብ አያያዝ እየተማርኩ ነው። አሁን ሳምንቱን እንደ ሯጮቹ ከፍዬዋለሁ። ማክሰኞና ቅዳሜ አዲስ ምዕራፍ፣ ስልክ ጠፍቶ፣ በር ተዘግቶ። ሐሙስ የድሮ ደብተሬን ገለጥ ገለጥ፣ ከቡና ጋር። ጓደኛዬ ፈተና አለፍኩ ብሎ ሲደውልልኝም እንኳን ደስ አለህ ብዬ ወደ ደብተሬ እመለሳለሁ፤ እሱ የጀመረው ከእኔ ቀድሞ ነው።

እናቴ ብቻ አልገባትም። ሐሙስ ሐሙስ «ዛሬ ደግሞ ጥናት የለም እንዴ?» ትለኛለች። «ቀላል ልምምድ ነው እማዬ» እላታለሁ። «ሰበብ!» ትላለች።