ስለቴን በክኒን የሰማኝ አምላክ

ይህን ምስክርነት አምስት ዓመት ያቆየሁት አፍሬ ነው። ጸበል ተጠምቄ ብቻ ብድን ኖሮ በማግስቱ እናገር ነበር። ክኒን ስለዋጥኩ ግን «ታዲያ ያዳነሽ መድኃኒቱ ነዋ» የሚለኝ አይጠፋም ብዬ ፈራሁ። ይበሉኝ!

ነገሩ የጀመረው ከቀኝ ጎድኔ ሥር ነው። ሕመም እንኳ አይባልም፤ የሆነ ነገር ይጫነኛል። ስበላ ቶሎ እጠግባለሁ። አንድ ጤና ጣቢያ «ጨጓራ ነው» ብለውኝ ዓመት ሙሉ የጨጓራ መድኃኒት ዋጥኩ። የወንድሜ ሚስት ደግሞ «ጥሬ ሥጋ ትወጃለሽ፤ ይሄ የኮሶ ትል ነው» አለችና ኮሶ በጥብጣ አጠጣችኝ። ምሬቱ አሁንም ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይጨማደዳል። ምንም አልወጣም።

በመጨረሻ አልትራሳውንድ ተነሣሁ። ሐኪሙ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ጉበቴ መሐል ጥቁር፣ ድብልብል ያለ ነገር ቁጭ ብሏል። 4 ሴንቲ ሜትር ተኩል።

«ሃይዳቲድ ሲስት ይባላል» አለኝ። «የውሻ ኮሶ ትል እጭ ነው። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሠርቶ ጉበትሽ ውስጥ ተቀምጧል።»

ኮሶ ጠጥቼ እንደነበር ስነግረው ሳቀ። ኮሶ የሚያባርረው አንጀት ውስጥ ያለውን ትል ነው፤ ይሄኛው ጉበት ውስጥ ተሸሽጎ ምን ያገኘዋል? የመጣውም ከጥሬ ሥጋ አይደለም አለኝ። ቀጥሎ «በልጅነትሽ ቤታችሁ በግና ውሻ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ።

ያደግሁት ደንቢያ ነው። በግ ሲታረድ አባቴ ጉበቱን ገልበጥ ገልበጥ እያደረገ ያያል። ውሃ የቋጠረ ነገር ካየበት «እንኪ፣ ይሄን ለውሻው» ይለኛል። በገዛ እጄ ነው የምጥልለት! ውሻው ከዚያ እጭ ትሉን ያገኛል፣ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ጸጉሩም ላይ ይጣበቃል። እኔ እሱን አቅፌ ስጫወት እውልና እጄን ሳልታጠብ ዳቦዬን እበላለሁ። ከዚያ ከረጢቱ ዓመታት ወስዶ፣ ቀስ እያለ ያድጋል።

«ወጌሻ ጋ ሄደሽ እንዳትታሺ» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ከረጢቱ ከፈነዳ ውሃው ሰውነትን አስቆጥቶ ድንገት ሊገድል ይችላል። ቀዶ ጥገና የሚለውን ቃል ሲያነሣማ ሌላውን መስማት አቆምኩ።

ከዚያ በቀጥታ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቀና ስል ጣራው ላይ ያሉት መላእክት ሁሉ እኔን የሚያዩ መሰለኝ። «ሥላሴ፣ ቢላ አይንካኝ። ለክብርህ ጥላ አስገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ።

በቀጠሮዬ ስመለስ ሐኪሙ ከረጢቱ ትልቅ እንዳልሆነ፣ ውስጡም ክፍልፋይ እንደሌለው ነገረኝ። እንዲህ ዓይነቱ በመድኃኒት ብቻ ይሞከራል። እምቢ ካለ በመርፌ ውሃውን መምጠጥ፣ ካልሆነም ቀዶ ጥገና አለ። የጻፈልኝ አልቤንዳዞል ነው። ደነገጥኩ። ልጆች ትምህርት ቤት የሚውጡት የትል ክኒን እኮ ነው! እነሱ አንዴ ይውጡታል፤ እኔ ግን 400 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ፣ ሦስት ወር። ከመጀመሬ በፊት እርጉዝ አለመሆኔ ተመረመረ፤ ጽንስ ይጎዳልና።

«ደግሞ ቅባት ካለው ምግብ ጋር» አለኝ። በባዶ ሆድ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው፤ ቅባት ሲኖር እስከ አምስት እጥፍ ይጨምራል። ክኒኑ ደግሞ እጄ የገባው በዘወረደ ሳምንት ነው። ሁዳዴ!

ንስሐ አባቴ ዘንድ እያለቀስኩ ሄድኩ። ዝም ብለው ሰሙኝና «ዘይት ቅባት አይደለም እንዴ?» አሉ። «ነው አባቴ።» «እንግዲያው የጾም ምግብ ብዪ። ሰዓቱን ግን ፈትቼሻለሁ፤ ጠዋት ብዪና ዋጪ።» ሐኪሙም ዘይቱ በዛ ካለ ይሆናል አለ። ሰው ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾም እኔ በማለዳ የኑግ ዘይት የጠጣ ፍርፍሬን እበላለሁ። መጀመሪያ ላይ ጎረቤት እንዳያየኝ በሬን እዘጋ ነበር።

ቀላል አልነበረም። በሁለተኛው ወር ሹሩባዬን ስፈታ ጸጉሬ ከሚዶው ጋር እፍኝ ሙሉ ወጣ። ደሜ በየጊዜው ይመረመራል፤ አንዴ የጉበቴ ውጤት ከፍ ብሎ «ትንሽ ከጨመረ እናቆማለን» ተባልኩ። ያን ሌሊት ጸሎቴ ስለ ከረጢቱ ሳይሆን ስለ ክኒኑ ሆነ፤ «አታስቁምብኝ» አልኩ። አላስቆመብኝም።

ሰኔ መጨረሻ አልትራሳውንድ ደገምኩ። ሐኪሙ ቆይቶ ቆይቶ «ኮስምኗል። ግድግዳው ከውስጥ ተላቆ ወድቋል» አለ። በዓመቱ ደግሞ «ጠጥሯል፣ ሞቷል» አለኝ። ሬሳው እዚያው ነው፤ አሁንም በዓመት በዓመቱ እየሄድኩ እታያለሁ። ቢላ ግን አልነካኝም።

ሐምሌ 7 ቀን፣ በሥላሴ ንግሥ፣ ጥላዬን አስገባሁ። ንስሐ አባቴ አይተውኝ «ፍርፍሯ!» ብለው ሳቁብኝ።

ዘንድሮ ለፋሲካ ወንድሜ በግ ሲያርድ የበጉ ሳንባ ላይ ያቺው ውሃ የቋጠረች ነገር ተገኘች። ሊወረውራት እጁን ሲያነሣ ቀማሁት። ጓሮ ሄጄ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኳት፤ ድንጋይም ጫንኩበት። ውሻችን ቡቺ ድንጋዩን ሲያሸት አመሸ።