ለሁለት ዓመት ልጅ ክላስ? ጎንደር ለሚከርሙ የዲያስፖራ ወላጆች

ለክረምት ልጅ ይዘው ጎንደር የሚገቡ ወላጆች ሻንጣ ሳይፈቱ ከሚጠይቁት አንዱ «ለሁለት ዓመት ልጅ የሚሆን ክላስ የት ይገኛል?» የሚል ነው። ውጭ አገር ማክሰኞ ሙዚቃ፣ ሐሙስ ጂምናስቲክ፣ ቅዳሜ ዋና የለመደ ቤተሰብ ሁለት ወር ባዶ ሲሆንበት ልጁ ወደ ኋላ የሚቀር ይመስለዋል። አይቀርም።

ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ተቀምጦ አስተማሪ በመስማት አይማርም። የሚማረው የሚያውቀው ሰው ሲመልስለት፣ አንዱን ነገር እስኪሰለቸን ሲደጋግምና ሲሮጥ ነው። በዚህ ዕድሜ ልጆች ጎን ለጎን ይጫወታሉ እንጂ ተግባብቶ አብሮ መጫወቱ የሚመጣው ቆይቶ ነው። ስለዚህ «ከእኩዮቹ ጋር ይላመድ» ተብሎ የሚከፈለው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ጊዜው ሳይደርስ የተከፈለ ነው። የአድባራት ከተማ በምትባለው ጎንደር እንኳ ልጅ የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጠራ የሚሰደደው አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ነው።

የወላጁን ሒሳብም እንየው። ክላሱ 45 ደቂቃ ነው። ከዚያ በፊት ዳይፐር፣ ቁርስ፣ ጫማ፣ መኪና ወንበር ላይ ለመታሰር የሚደረግ ግብግብ አለ። ሲመለሱ ልጁ መኪና ውስጥ 15 ደቂቃ ያንቀላፋና የቀኑን እንቅልፍ እምቢ ይላል፤ ግማሽ ቀን ሄደ። የአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ስትሠራ ያደረች እናት የምትተኛው በዚሁ ሰዓት ነበር። እንቅልፍ ያጣ ወላጅ ደግሞ ከልጁ ጋር የሚያወራው ያንሳል፤ ትዕግሥቱም ያጥራል። ልጁ ከክላሱ ካገኘው ይልቅ እቤት የቀረበት ይበልጣል።

ክላስ የሚጠቅምበት ጊዜ የለም ማለት ግን አይደለም። አፓርታማ ውስጥ ከልጇ ጋር ብቻዋን የምትውል እናት ሰው የምታገኝበት ከሆነ ይጠቅማታል፤ ለዚያ ግን ነፃው የላይብረሪ የተረት ሰዓት ይበቃል። ዋና ለብቻው ይታይ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከ1 ዓመት ጀምሮ ለብዙ ልጆች ይመክረዋል፤ የመስጠም አደጋን ሊቀንስ ይችላልና። ዋና የተማረም ልጅ ቢሆን ውሃ አጠገብ ብቻውን አይተውም።

ወደ ጎንደር እንምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይላል። ግቢ ያለው የአያት ቤት ይህን ሳያስበው ይሞላል። አያቱ ድንች ሲልጡ ልጁ ከዘንቢሉ አንድ አንድ እያነሣ ወደ ሳፋው ያመላልስ፤ እሳቸው «አንድ አመጣልኝ፣ ሁለት አመጣልኝ፣ እሰይ የኔ አንበሳ!» ይበሉት። ጉልበት፣ ቁጥር፣ ቋንቋ በአንድ ላይ ነው። ምስርና ሽምብራ መልቀሙን ግን ተዉት፤ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይከቱታል። ከዚያ በኋላ አኩኩሉ። ፋሲል ግቢ ሣሩ ለመሮጥ ይመቻል፤ የግንቦቹን ደረጃ ግን እጁን ሳትይዙ አታስወጡት።

አደጋው የሚመጣው ከቡናው ነው። ከሰሉ መሬት ላይ ይነዳል፣ ጀበናው ይፈላል፣ ልጁ ደግሞ ከአቦል እስከ በረካ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ምድጃውን ከግድግዳ ጥግ አድርጉና ከፊቱ ዱካ ወይም ወንበር ደርድሩ፤ ልጁን የሚጠብቅ አንድ ሰው በስም ይመደብ፤ «ሁላችንም እናየዋለን» ከተባለ ማንም አያየውም። ከተቃጠለ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ፤ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አይቀባ። ቆሎ ከአራት ዓመት በታች አይሰጥም፣ ያንቃል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በየቤቱ በርሜል አለ። ክዳኑ ይጠበቅ፤ የልብስ ማጠቢያ ሳፋም ሥራ እንዳለቀ ይደፋ። በዚህ ዕድሜ ያለን ልጅ ለማስጠም ጥቂት ሣንቲ ሜትር ውሃ በቂ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው። በአሜሪካ የበጋ የሰዓት አቆጣጠር ዋሽንግተን ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚተኛ ልጅ፣ ሰውነቱ እንቅልፍ የሚጠይቀው በጎንደር ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁ ደጅ ብርሃን ላይ አውጡት፤ ክረምት ዝናቡ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋቱ ይመቻል። የቀን እንቅልፉ ከሁለት ሰዓት ርዝማኔ አይለፍ። ሌሊት ሲነቃ መብራትም ስልክም አይብራ።

በርቀት የሚሠሩ ወላጆች ላይ ድካሙ ይብሳል። የአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ የሥራ ቀን እዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል። ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ልጁን አክስት ወይም አያት ይያዙት፤ እናንተ ተኙ። አያት ግን ሌላውን ቀን ሁሉ አይችሉም፤ ጉልበታቸውን ጠይቁ፣ «ምንም አይደለም ልጄ» ካሉም ደግማችሁ ጠይቁ።

ንግግር የዘገየ ልጅ ጉዳይ ደግሞ በክላስ አይፈታም። ሁለት ቋንቋ መስማት አያዘገይም፤ ስትቆጥሩ የአማርኛውንም የእንግሊዝኛውንም ቃል ደምሩ። ሁለት ዓመት ሞልቶት «እማ ነይ» ዓይነት ሁለት ቃል የማያያይዝ ከሆነ የጆሮ ምርመራና የሕፃናት ሐኪም ይቅደም።

የግድ መዋያ ካስፈለገ፣ ሞግዚቷ ስንት ልጅ እንደምትይዝ ጠይቁ፤ ለሁለት ዓመት ልጆች ከ4 እስከ 6 ነው ደህናው። ዴስክ ላይ አስቀምጠው እርሳስ የሚያስጨብጡ ከሆነ ተመለሱ፤ ይህ ዕድሜ ከለር እንኳ በጡጫው ነው የሚይዘው። ሁለት ጠዋት ልጁ ጋር ገብታችሁ ተቀመጡ፤ «ወላጅ አይገባም» የሚሉ ከሆነ ሌላ ቤት ፈልጉ።